አክስቴን ይዘን ወንዝ ላይ፦ የቤተሰብ የራፍቲንግ (በጎማ ጀልባ ወንዝ የመውረድ) ጉዞ እንዴት እንዳቀድን

አክስቴ ባሕር ዳር ነው ያደጉት። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዘፍ እያዩ። ዋና ግን አያውቁም። ልጅ ሳሉ አንድ የሰፈራቸውን ልጅ ዓባይ ወስዶታል፤ ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር መቆም እንኳ አይወዱም። እኚህ ሴት አምና በጁላይ፣ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ተራሮች መሃል፣ የጎማ ጀልባ ላይ ሄልሜት አጥልቀው መቅዘፊያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳያቸው እንባዬ መጣ።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ላለ ቤተሰብ ነው። ዋና የማይችል ሰው ያለበት፣ ትልቅ ሰውና ልጅ የተቀላቀለበት፣ ግን ተራራውንና ወንዙን ከመኪና መስኮት ብቻ ማየት የሰለቸው ቤተሰብ። የተማርነው ከአንድ ያልተሳካ ጉዞና ከአንድ የተሳካ ጉዞ ነው። ካልተሳካው ልጀምር።

የምንኖረው እዚያው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ካቻምና ጉዞውን ያቀደው ታናሽ ወንድሜ ነበር። የመረጠውም ፎቶ አይቶ ነው። ነጭ አረፋ፣ ገደል፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጮሁ ሰዎች። ቀኑን ደግሞ የወሰንነው ሁላችንም ከሥራ እረፍት የምንሆንበትን ቅዳሜ ፈልገን ነው። የጁን ሁለተኛ ሳምንት ሆነ። ወንዙ በዚያ ሰሞን ምን ላይ እንዳለ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

እኛ አገር ወንዝ የሚሞላው ክረምት ሲገባ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ደመናውን አይተህ ታውቃለህ። እዚህ ግን ወንዙን የሚሞላው ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። ብርዱን ሙሉ ተራራው ላይ የተከመረው በረዶ ሙቀት ሲመጣ ይቀልጥና ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ ድረስ ወንዙን ያጥለቀልቀዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ጠብታ ዝናብ የለም። ወንዙ ግን ቡናማ ሆኖ ያገሳል። ያን ቀን የደረስንበት ወንዝ እንደዚያ ነበር።

ጀልባውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ቢሮ ስንደርስ ውሃው ከፍ በማለቱ የልጆች የዕድሜ ገደብ እንደተቀየረ ነገሩን። ትንሹ ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እህቱ አሥራ ሦስት። ሁለቱም አይገቡም። ገንዘቡ ይመለስ ስንል ደግሞ ስንመዘግብ ያላነበብነውን የስረዛ ደንብ አሳዩን። ልጆቹ አለቀሱ። ሊያዩን ብቻ አብረውን የመጡት አክስቴ ወደ ዳርቻው ጠጋ ብለው አንድ ትልቅ ግንድ እየተገለባበጠ ሲያልፍ አዩ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉና ልጆቹን ይዘው ወደ መኪናው ተመለሱ።

የቀረነው ገባን። ወንድሜ ከጀልባው ወደቀ። ውሃ ውስጥ የቆየው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በደንብ ማውራት አልቻለም። ቅዝቃዜው ደረቱን እንደመታውና ትንፋሽ አልገባ እንዳለው ነገረኝ። ሲወድቅ መጀመሪያ ያሰበው መቆም ነበር። ጋይዱ፣ ማለትም ጀልባውን የሚመራው ሰው፣ እየጮኸ «እግርህን ወደ ላይ!» ባይለው ይቆም ነበር። በሚፈስ ውሃ ውስጥ መቆም ደግሞ ራፍቲንግ ላይ ሰው ከሚሞትባቸው መንገዶች አንዱ ነው። እግር በድንጋይ መሃል ይቀረቀራል፣ የውሃው ግፊት ከኋላ ይደፋሃል፣ መነሳት አይቻልም። ይህን ከመግባታችን በፊት ነግረውናል። ነገር ግን እኛ ፎቶ እንነሳ ነበር።

በዚያ ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያወራ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። በሚቀጥለው ዓመት ጉዞውን የምናቅደው በደፋሩ ሰው ልክ አይደለም፤ በፈሪው ሰው ልክ ነው። ከመካከላችን ከሁሉ በላይ ውሃ የሚፈሩት አክስቴ ናቸው። እሳቸው ደስ ብሏቸው የሚወጡበት የወንዝ ክፍል ከተገኘ ሁላችንም ደስ ብሎን እንወጣለን።

ወንዙን አልቀየርንም። አርካንሳስ ወንዝ ከሌድቪል ከተማ አካባቢ ተነስቶ በቢዩና ቪስታና በሳላይዳ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ወንዝ ነው። ጥሩነቱ አንድ ወንዝ ሆኖ ብዙ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። ራፍቲንግ ላይ ውሃውን ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ ይከፍሉታል። አንድ ማለት ዝም ብሎ የሚፈስ፣ ስድስት ማለት በአብዛኛው ሰው የማይሞክረው። ፎቶዎቹ ላይ የምታዩት ሮያል ጎርጅ አራትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ብራውንስ ካንየን ሦስት ነው። ከብራውንስ ካንየን በላይ፣ ከቢዩና ቪስታ እስከ ፊሸርማንስ ብሪጅ ያለው «ሚልክ ረን» የሚሉት ክፍል ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሦስት ይነካል። ተራራው ሙሉ በሙሉ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አክስቴን ይዘን በሚልክ ረን እንውረድ፣ የበለጠ የሚፈልግ ደግሞ በማግስቱ ብራውንስ ካንየን ይግባ አልን።

የውሃውን መጠን ማንበብም ተማርኩ። አስቸጋሪ አይደለም። ሲኤፍኤስ ይሉታል፤ በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ውሃ እንደሚያልፍ ማለት ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28 ሊትር ገደማ ነው፣ ከአንድ የውሃ ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። 700 ሲኤፍኤስ ከተባለ በየሰከንዱ 700 ጀሪካን ውሃ ፊትህ ያልፋል። በረዶ በበዛበት ዓመት ጁን ላይ ከ3,000 በላይ ይሄዳል። የዩኤስ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ወንዙ ላይ መለኪያ ስላለው ቁጥሩን በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል። እኔ ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን እየጠጣሁ አየው ነበር። ሲወጣ አየሁት፣ ሲወርድም አየሁት። ይህን ያህል ከተከታተላችሁት ወንዙን የምታውቁት ያህል ይሰማችኋል።

ሌላም ያስደነቀኝ ነገር አለ። ከጁላይ 1 እስከ ኦገስት 15 ውሃው ከ700 ሲኤፍኤስ እንዳይወርድ ውሃውን የሚያስተዳድሩት ክፍሎች ተስማምተው ከላይ ካሉት ከተርኮይዝና ከትዊን ሌክስ ሐይቆች ውሃ ይለቃሉ። ስምምነቱ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ስለሆነ በድርቅ ዓመት ላይሟላ ይችላል። በደህናው ዓመት ግን በእነዚህ ሳምንታት ወንዙ ለቤተሰብ የሚሆን ልክ ላይ ይቆያል።

አሁን የእኛን ቀን መቁጠሪያ አምጡና አስተያዩት። የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ይፈታል፤ ጁላይ 12 ማለት ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፣ ኦገስት 7። በመካከላቸው ያሉት ሳምንታት ከረጅም ጾም ነፃ ናቸው፣ ልጆች ትምህርት ቤት አልገቡም፣ ውሃውም ረግቷል። አክስቴ ጾም ላይ ቢሆኑ ኖሮ ባዶ ሆዳቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አላወጣቸውም ነበር። ለአክስቴ ስንል ረቡዕና ዓርብን አስወጣን፣ ቅዳሜና እሁድን ደግሞ በሰው ብዛት ምክንያት ተውን። ማክሰኞ ሆነ። ማክሰኞ ወንዙ ላይ የሰው ግፊያ የለም፤ የምንፈልገው ሰዓትም በቀላሉ ተገኘ።

ከዚያ ስልክ ደወልኩ። ኢንተርኔት ላይ ከመመዝገባችሁ በፊት እባካችሁ ደውሉ። እኔ ሦስት ቦታ ደወልኩና ምርጫዬን ያደረግሁት በመልሳቸው ነው። «አክስቴ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ዋና አይችሉም፣ እንግሊዝኛም ብዙ አይሰሙም» ብዬ ነው የጀመርኩት። አንደኛው ቦታ «ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ሰው ይችላል» አለኝ፤ ሌላ ሳይጠይቀኝ። እዚያ አልሄድኩም። ሁለተኛው ስልኩን ቶሎ መዝጋት ፈለገ። ሦስተኛዋ ልጅ ግን መልሳ ጠየቀችኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? ጀልባው ጠርዝ ላይ መቀመጥ ይችላሉ? የልብ ሕመም አለባቸው? መድኃኒት ይወስዳሉ? የሚጠይቃችሁን ሰው እመኑ።

እኔም የጠየቅኩት አለ። የዕድሜ ገደቡ በየትኛው የውሃ መጠን ይቀየራል? ውሃው ከፍ ካለ ወደ ሌላ ክፍል ትወስዱናላችሁ ወይስ ትሰርዛላችሁ? ከሰረዛችሁ ገንዘቡስ? ከኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ ከግዛቱ የፓርክና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ አላችሁ? ዌትሱቱ (ብርድ የሚከላከለው የጎማ ልብስ) እና ጫማው ከዋጋው ጋር ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ አሥራ አንድ ሰው ስትሆኑ ግን ይሰማችኋል። የጽሑፍ ማረጋገጫውን በኢሜይል አስላክሁ፣ የስረዛ ደንቡንም በዚህ ጊዜ ቃል በቃል አነበብኩት።

አክስቴ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪማቸውን ጠየቅን፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱና ውሃ በደንብ እንዲጠጡ ነግሮ ፈቀደልን። ትልቅ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አትዝለሉት። ስኳር ያለበት ሰው ካለም የሚቀመስ ጣፋጭ ነገር ውሃ በማያስገባው ቦርሳ ከጋይዱ ጋር ይቀመጥለት፤ ለጋይዱም ንገሩት።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ሳሎን ውስጥ ያደረግነው ልምምድ ነው። ጋይዱ ከኋላ ተቀምጦ የሚሰጠው ትእዛዝ ጥቂት ቃላት ነው፤ ፎርዋርድ፣ ባክ፣ ስቶፕ፣ ጌት ዳውን። አክስቴ እነዚህን በድንገት ወንዝ ላይ ቢሰሟቸው ይደናገጣሉ። ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋውን እንደ ጀልባ አደረግነው። ሦስቱ በዚህ፣ ሦስቱ በዚያ ጠርዝ፣ መጥረጊያና የጃንጥላ ዘንግ ይዘን። ልጄ ጋይድ ሆነች። «ፎርዋርድ!» ስትል እንቀዝፋለን። «ባክ!» ስትል ወደኋላ። «ጌት ዳውን!» ስትል ወለሉ ላይ እንወርዳለን። አራት እሁድ ተለማመድን። በመጨረሻ አክስቴ ከሁላችንም ቀድመው ይወርዱ ነበር።

መውደቅንም ተለማመድን። ምንጣፍ ላይ በጀርባ መተኛት፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶችን ከውሃው በላይ ማውጣት፣ እጅን መዘርጋት። ገመድ ሲወረወር ገመዱን መያዝ እንጂ እጅ ላይ አለመጠምጠም፣ ከዚያ ገመዱን በትከሻ በኩል አድርጎ በጀርባ መተኛት። ወንድሜ ይህን ሲያስተምር ድምፁ ይቀየር ነበር። ያየውን ስለሚያውቅ ነው።

ስለ ልብስ የምለው ከሌላ ቦታ የማታገኙት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጥጥ አይለበስ፤ ቲሸርትም ቢሆን። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትን ይወስዳል። ከዌትሱቱ ሥር የዋና ልብስ ወይም የስፖርት ልብስ ይበቃል። አክስቴ ዌትሱቱ ሰውነት ላይ ስለሚጣበቅ አፈሩ። መልበስ አልፈለጉም። ከላዩ ላይ ሰፋ ያለ የስፖርት ቁምጣና ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ ደርበው ሲያዩት ተስማማቸው። እናቶቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ እዚያ ደርሶ ከመጨናነቅ ይሻላል። ነጠላ መውጫው ላይ በሚጠብቃችሁ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ከወጡ በኋላ ትከሻ ላይ ጣል ለማድረግ ከእሱ የሚሻል የለም።

ፀጉር ደግሞ አለ። እህቴ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ወፍራም ሹሩባ ተሠርታ ከላይ ቋጥራው ነበር። ሄልሜቱ አልገባም። ሄልሜት ግንባር ላይ ካልተቀመጠ ለምንም አይጠቅምም። ቆማ ፈታችው፤ ሰው ሁሉ ሲጠብቃት አለቀሰች። ሴቶች፣ ቀጭን አድርጋችሁ ወደ ኋላ ተሠሩ፤ ቋጠሮው ካስፈለገ ማጅራት ላይ ይሁን። መነጽር የሚያደርግ ሰው ማሰሪያ ይግዛ። ቀለበትና ስልክ ቤት ይቅር።

ላይፍ ጃኬቱን ጋይዱ ሲያጠብቅላችሁ «በዛ» አትበሉ። ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ወደ ጆሮ ከወጣ ገና አልጠበቀም። ወንዙ መሃል ላይ ጸጥ ያለ ቦታ ስትደርሱ የምትፈቱት ይመስላችኋል። ፀሐይ አለ፣ ውሃው መስታወት ነው፣ ሁሉም ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ማንም እንዳይፈታ አክስቴ ራሳቸው እየዞሩ ይቆጣጠሩ ነበር።

ሰኞ ከኦሮራ ተነሳን። በ285 መንገድ እስከ ቢዩና ቪስታ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ኬኖሻ ፓስ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ 3,000 ሜትር ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ይመጣል። አክስቴ «ደብረ ብርሃን» አሉ። እውነትም ይመስላል፤ ብርዱም ጭምር። ቢዩና ቪስታ 2,430 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ጥቂት ከፍ ይላል። በዋዜማው ደርሶ ማደር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ሰውነት ይለምደዋል፣ ጠዋትም አትጣደፉም። በጁላይ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ መብረቅና ነጎድጓድ ስለሚበዛ የጠዋቱን ጉዞ ያዙ። ውሃው ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ እሱ እውነት ነው። መብረቅ ግን አይሻልም።

መንገድ ላይ ወንድሜ ለአክስቴ አንድ ነገር አጫወታቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓባይን ከምንጩ ተነስተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ከወረዱት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ፓስኳሌ ስካቱሮ፣ እዚሁ የእኛ ኮሎራዶ ሰው ነው። 114 ቀን ፈጅቶባቸዋል። አክስቴ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጢስ ዓባይንስ እንዴት አለፉት?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜ አላወቀም። እስከ ቢዩና ቪስታ ድረስ ያንኑ ያስቡ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ለትንሹ ልጄ የዳቦ ፍርፍር፣ ለትልልቆቹ በሶ በማር በጥብጠን ሰጠን። ሆድን ሳያከብድ ጉልበት የሚሰጥ ከበሶ ሌላ አላውቅም። ሁለት ጀልባ ደረሰን። አክስቴን ከኋላ፣ ከጋይዷ አጠገብ አስቀመጥናቸው፤ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው ማዕበሉን መጀመሪያ የሚቀበለው። እኔ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ጋይዷ ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆናት ልጅ ነች። አክስቴ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አደራ ልጄ» አሏት። ተረጎምኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

አክስቴ አማተቡ። ጀልባው ተለቀቀ።

የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ «ፎርዋርድ!» የሚለውን ሰምተው ሲቀዝፉ ከኋላዬ ይሰማኛል። ውሃው ፊቴን መታኝ። ዞሬ ሳያቸው ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ እጃቸው ግን አላቆመም። ሁለተኛው ላይ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ከአራተኛው በኋላ ቀና ብለው ተራራውን አዩት።

ተራራው በስተቀኝ ነው። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ስሞቻቸው ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ልጄ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ፕሪንስተን ተራራ ሥር ነጭ ገደል ይታያል፤ ቾክ ክሊፍስ፣ የጠመኔ ገደል፣ ይሉታል። ጠመኔ ግን አይደለም፤ ከመሬት የሚወጣው ፍል ውሃ ለዘመናት አለቱን አበስብሶ ነጭ ሸክላ አድርጎት ነው። ፍል ውሃው ዛሬም ይፈላል፤ ማታ ሄደን ተዘፍዝፈንበታል። የአክስቴ ጉልበት ከምንም በላይ ያመሰገነው እሱን ነው። የሮኪ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ኤልበርትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ 4,401 ሜትር ነው። ልጄ «ራስ ዳሸን ይበልጣል» ስትል አክስቴ «ይበልጣል እንጂ!» አሉ፤ ድምፃቸው ወንዙን አሸነፈው።

ምሳ ላይ ድርጅቱ ያቀረበው ሳንድዊች ሁሉም የአሳማ ሥጋ ነበር። ስመዘግብ አሳማ እንደማንበላ መናገር ረስቻለሁ። እኛ ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዘን ስለነበር ማንም አልተራበም። እናንተ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ።

በማግስቱ ረቡዕ አራታችን ብራውንስ ካንየን ገባን፤ ወንድሜ፣ ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄና እኔ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ናሽናል ሞኑመንት፣ ማለትም በሕግ የሚጠበቅ ቦታ፣ ያደረጉት ነው። ሮዝ መልክ ያለው ግራናይት በሁለቱም በኩል ይቆማል። መኪና መንገድ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ባቡር ካቆመ የቆየ የባቡር ሐዲድ ብቻ ዳርቻውን ይዞ ይሄዳል። ፒንቦል፣ ዙም ፍሉም፣ ስቴርኬዝ የሚሉት ተከታታይ የሚናወጡ ቦታዎች ቀልብ ይገፍፋሉ። ከስቴርኬዝ በፊት ወንድሜ ፊቱ ነጭ ሆነ። እግሩን ከጀልባው ወለል ጋር ባለው ማስገቢያ ሥር አጥብቆ ከተተ፣ ቃል ሳይናገር ቀዘፈ። ስንጨርስ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ውሃውን ያይ ነበር። ሄክላ ጀንክሽን ላይ ስንወጣ «አሁን ወጣልኝ» አለ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል። ለጋይድ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ በመቶ ቲፕ መስጠት የተለመደ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ያዙ። ፎቶ የሚያነሳችሁ ሰው ዳርቻው ላይ አለ፤ ያንን አንድ ቤተሰብ በጋራ ይግዛ። ማረፊያ ቤት ከሁለት ወር በፊት ካልያዛችሁ ዋጋው ይንራል።

ብራውንስ ካንየን የገባነው ስንመለስ አክስቴ ከቀሩት ጋር ወንዙ ዳር ረከቦት ዘርግተው ጠበቁን። ከሰል ይዘን ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን በድርቁ ምክንያት ክፍት እሳት ተከልክሏል። ከመነሳታችሁ በፊት የእሳት ክልከላ መኖሩን እዩ። የተፈቀደልን መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ስለሆነ ጀበናው እሱ ላይ ተጣደ። ዕጣኑ አልጨሰም። ቄጠማው ግን ወንዙ ዳር በቅሎ ነበር፣ አክስቴ ሳይነቅሉት አጠገቡ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ባሕር ዳር ያለችው እህታቸው ነች። አክስቴ ስልኩን ወደ ወንዙ አዙረው አሳዩዋት።

«እዚህ ላይ ነው የሄድሽው? አንቺ?»

«እዚህ ላይ ነው። ታንኳ ነው እኮ፤ ጎማ ሆነ እንጂ» አሏት። ከዚያም ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ በጀርባ ስለመተኛት ያስረዷት ጀመር።